የዛሂሩ ቤት መንፈስ

ከኮምቦልቻ የተነሣሁት ለሁለት ጉዳይ ነው። አንዱን ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ መካ ሄጄ ዑምራ ላደርግ ነበር። ሁለተኛውን የነገርኋት ለእናቴ ብቻ ነው፤ እሷም "አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ?" ብላ አፏን ያዘች። የመንፈስ ታሪክ ልጽፍ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ጥቂት አጫጭር ልቦለዶችም በየመጽሔቱ ወጥተውልኛል፤ ሁሉም ስለ ትዳርና ስለ መሬት ክርክር ናቸው። አንባቢን እንቅልፍ የሚነሳ አንድ ነገር ሳልጽፍ መሞት አልፈለግሁም። ጎቲክ የሚሉትን ዓይነት ማለቴ ነው፤ ትልቅ አሮጌ ቤት፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ቤተሰቡ የሚደብቀው በደል፣ ከሞተም በኋላ ቤቱን የማይለቅ ሰው ያለበት። ያስቸገረኝ ቤቱ ነው። በእኛ አገር መንፈስ የሚያርፈው ሰው ላይ እንጂ ቤት ላይ አይደለም። በአንድ ክፍል ስምንት ሰው እየተኛ መንፈሱ የት ይግባ?

ቤቱን ያገኘችልኝ ታናሽ እህቴ ዘይነባ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት፣ የሰፈራችን ሴት ልጅ ሁሉ ፓስፖርት ለማውጣት በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ መካ ውስጥ ዛሂር በሚባል ሰፈር ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። በወሩ ደወለችና "እዚህ ቤት ሩህ አለ መሰለኝ፤ የማዳም እናት እኔን አልፋ እያየች ሩህ፣ ሩህ ትላለች" አለችን። ሩህ በእኛ በወሎዎች አፍ ነፍስ ማለት ነው። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከየሶላቱ በኋላ፣ ያን መንፈስ ከልጇ እንዲያርቅላት ዱዓ ታደርጋለች። እኔ ደግሞ ደብተር ገዛሁ።

ዘይነባ በዚያ ቤት ብዙም ሳትቆይ ወደ ጅዳ ተዛወረች። ስለ ቤቱ በስልክ ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። የሚደበቅ ነገር ቢኖር ነው ብዬ እንዲያውም ደስ አለኝ። እሷን በአካል ላናግራት፣ ቤቱንም በዓይኔ ላየው ቆረጥሁ።

በአውሮፕላን

አርባ አምስት ዓመት ስላለፈኝ ያለ ወንድ ዘመድ፣ ከዑምራ ቡድን ጋር እንድሄድ ተፈቀደልኝ። የአውሮፕላኑ ግማሽ እኛ ነን፤ ግማሹ ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች ናቸው። ሁሉም ወረቀታቸውን በላስቲክ ከረጢት አድርገው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ፎርም እንድሞላላት ለመነችኝ። "ስምሽ ማን ነው?" ብላት ፓስፖርቷን ገልጣ ካየች በኋላ ነገረችኝ። "ስሙ ከወጣልኝ ገና ሳምንቱ ነው" ብላ ሳቀች።

ደብተሬ ላይ "ስሟን የማታውቅ ሴት" ብዬ ጻፍሁ። ለታሪክ መነሻ የሚሆን ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ልጅቷን ያስጨነቃት ግን የወንበሩ ቀበቶ እንዴት እንደሚፈታ ነው። አሳየኋት፤ እስክንወርድ ድረስ ስትፈታና ስታስር ቆየች።

መካ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት

ስለ ዑምራዬ ብዙ አልጽፍም፤ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ያለ ነገር ነው። እግሬ አብጦ ነበር፣ ልቤ ግን እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ከቡድናችን ሴቶች ጋር ሩዝ በዶሮ በአሥራ ሁለት ሪያል እየገዛን ለሁለት እንበላለን፤ አንዱ ሳህን ለሁለት ሰው ተርፎ ይመለሳል። ሙቀቱ ከምድር ነው የሚነሳው፤ ጥላ ውስጥ ብትቆሙም አይለቃችሁም።

በአራተኛው ቀን የቡድን መሪያችንን አስፈቀድሁ። "ዓርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በፊት ካልተመለሱ እኔ ነኝ የምጠየቀው፣ እትዬ ሰዓዳ" አለኝ። ማልሁለት። ዘይነባ በምታውቀው ኢትዮጵያዊ ሹፌር መኪና፣ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ወደ ጅዳ ወረድሁ።

ጅዳ፣ ጉለይል

ጉለይል ኪራይ የሚረክስበት ሰፈር ነው። ሕንጻዎቹ ያረጁ፣ ደረጃቸው ጠርዙ የተበላ፣ ከየመስኮቱ የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ የሚንጠባጠብበት ነው። ዘይነባ ቀን ቀን በአንድ ክሊኒክ ታጸዳለች። ሁለት ክፍሏን የምትጋራት የጎጃም ልጅ ብርቱካን ትባላለች። ማታ በወደቡ አቅጣጫ ከሚሸጥ ዓሣ ጠብሰው፣ እኔ ባመጣሁት ድልህ አበሉኝ። የመጣሁበትን ሁለተኛ ጉዳይ ስናገር ብርቱካን ከት ብላ ሳቀች።

"እትዬ፣ እዚህ ጉለይል ጅኒ ቢመጣ እኛው ጋ ደባል ሆኖ ኪራይ ይጋራል እንጂ ማንን ያስፈራል?"

ዘይነባ አልሳቀችም። የዓሣውን እሾህ ትለቅማለች።

በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ አሮጌውን ከተማ አሳየችኝ። የምፈልገው ቤት እዚያ ቆሟል! ረጃጅም የድንጋይ ቤቶች፣ ፊታቸውን በተፈለፈለ እንጨት የሸፈኑ፣ ከውስጥ የሚያይሽ ሰው ይኑር አይኑር የማይታወቅባቸው መስኮቶች። አንዱን ቤት መርጬ መስኮቱን ቆጠርሁ፣ በሩን በእርሳስ ነደፍሁ።

"የዛሂሩ ቤት እንዲህ አይደለም" አለች ዘይነባ።

"ግድ የለም፣ አሮጊቷን አምጥቼ እዚህ አኖራታለሁ።"

"እሷን የትም አታመጫትም።"

ተቆጥታ ነበር። ዘይነባ እኔን ተቆጥታኝ አታውቅም፤ እናቴን ሥራ ሲበዛባት አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ ናት። ደብተሬን ዘጋሁና ወደ ቤት ሄድን።

ከጅዳ ወደ መካ

ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ እኔን ለቡድኔ ልታደርሰኝ አብራኝ ተሳፈረች። መኪናው ሰው እስኪሞላ ጠበቅን፤ ሒሳቡ አሥር አሥር ሪያል ነው። ከከተማው ወጥተን፣ ፖሊሱ የእሷን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የእኔንም ፓስፖርት አይቶ ካሳለፈን በኋላ፣ ድንገት "እስክሪብቶውን አስቀምጪው" አለችኝ። አስቀመጥሁ።

"አሮጊቷን ሲቲ ነበር የምላት፤ እዚህ አያታቸውን እንደዚያ ነው የሚጠሩ። ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም፤ የልጆቿንም ስም ረስታለች። አጥባታለሁ፣ አጎርሳታለሁ። አጠገቧ ስቀመጥ ሩሂ ትለኛለች። የእኔ ዐረብኛ ያኔ የቁርኣን ቤት ነው፤ ሩህ ብሎ የማውቀው ነፍስን ነው። ዓይኗ ደግሞ ደክሟል፣ ሰውን አልፎ ነው የሚያይ። ከኋላዬ የሞተ ሰው ቆሟል ብዬ እንዲጠብቀኝ አየተል ኩርሲ እቀራለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ የቤቱ ሹፌር ነገረኝ። ሩሂ ማለት ለሴት ሂጂ ማለት ነው አለኝ። ወላሂ እትዬ፣ ከመንፈሱ ይልቅ እሱ ነው የከፋኝ። ለካ በየቀኑ ውጪልኝ ነው የምትለኝ! ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ጨርሼ ቶሎ መውጣት ሆነ።"

ጥቂት ተጓዝን። የአባያዋን እጅጌ ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

"አንድ ቀን ከዐስር በኋላ እጄን ያዘችኝ። ሩሂ፣ ሩሂ አለችኝ። እሺ፣ ሄድሁልሽ ብዬ እጄን አስለቅቄ ልብስ ላሰጣ ጣራ ላይ ወጣሁ። ስመለስ ሞታለች። ማዳም ከውጭ መጣችና አጠገቧ አልነበርሽም ወይ አለችኝ። ሩሂ አለችኝ አልኋት። ጮኻ አለቀሰች፤ ብዙ ነገር ተናገረች፤ አንዱም አልገባኝም። የረገመችኝ መሰለኝ። በሳምንቱ ካፊሉ፣ ያስመጣኝ አሠሪ፣ ለጅዳ ዘመዱ አዛወረኝ፤ ኸላስ፣ በዚያው ቀረሁ።"

"ታዲያ አንቺ ምን አጠፋሽ?"

"አሁን ዐረብኛ ችያለኋ! ሩሂ፣ ነፍሴ ማለትም ነው። እናት ለልጇ የምትለው። ቃሉ አንድ ነው፣ እትዬ። የትኛውን እንዳለችኝ ሳላውቅ ሰባት ዓመቴ። ሂጂ ብላኝ ከሆነ ሄድሁ። ነፍሴ ብላኝ ከሆነ ግን…" አልጨረሰችውም።

መጻፍ ያሳፍረኛል፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። በልቤ "አገኘሁት!" ነበር ያልሁት። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል፣ ሟች፣ ጸጸት፤ ታሪኬ ተሰናድቶ ተቀምጧል። የእህቴ ጣቶች እጅጌዋን ሲጠቀልሉ ሳይ ነው ራሴን የታዘብሁት።

"ዛሂር እንውረድና ማዳምን ጠይቂያት" አልኋት።

"ብታባርረኝስ?"

"እኔ አለሁ።"

"አንቺ ዐረብኛ አትችዪም!"

"አብሬሽ እባረራለኋ።"

ሳቀች። ከዚያ ለሹፌሩ ዛሂር ላይ እንደምንወርድ ነገረችው።

ዛሂር

ቤቱ አሳፈረኝ። ባለ ሦስት ፎቅ፣ አዲስ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ በሩ ላይ የልጅ ብስክሌት የተደገፈበት ነው። የሚያስፈራ ነገር ፈልጌ ደረጃውን ቆጠርሁ፤ አሥራ አራት ነው። ደወሉን የተጫንሁት እኔ ነኝ፤ ዘይነባ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

የከፈተችልን ሴት ስድሳ ዓመት ግድም ይሆናታል። ዘይነባን ትኩር ብላ አየችና ስሟን ጠርታ አቀፈቻት። ማዳም ራሷ ናት። አስገብታ ሻይና ተምር አቀረበችልን። የተናገሩትን እህቴ በኋላ አንድ በአንድ ተርጉማልኛለች፤ ያን ጊዜ የማየው ፊታቸውን ብቻ ነው።

ዘይነባ ጥያቄዋን አቀርቅራ ጠየቀች። ማዳም የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"እናቴ ሂጂ ስትል እምሺ ነበር የምትለው። ስድስት ልጅ እምሺ፣ እምሺ እያለች ነው ያሳደገችን። ሩሂ ብላ ያባረረችው ሰው የለም። ሩሂ እኔን ነበር የምትለኝ፣ ልጅ ሳለሁ። ከታመመች በኋላ እኔን ረሳችኝ፤ ቃሉ ላንቺ ሆነ። ያን ቀን ሩሂ አለችኝ ስትዪኝ ያለቀስሁት ቀንቼ ነው።"

"እጄን ይዛኝ ነበር" አለች ዘይነባ። "እኔ ግን አስለቅቄ ሄድሁ።"

"አንቺ ቋንቋውን አታውቂም ነበር" አለች ማዳም። "የማውቀው እኔ ያን ሰዓት ልብስ ሰፊ ቤት ተቀምጬ ነበር።"

ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ምን እንደተባለ ሳላውቅ አብሬያቸው አለቀስሁ። ቀጥሎ ማዳም የእናቷን ክፍል አሳየችን። አሁን ልብስ ይተኮስበታል፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ሸሚዝ ተሰቅሏል። ዘይነባ አልጋው የነበረበት ቦታ ሄዳ ቆመች፤ ለሟቿ ፋቲሓ ቀራች። ስንወጣ እነሱ በሩ ላይ ትንሽ አወሩ። እኔ ቀድሜ ወርጄ የበሩን ቀለም እየመዘገብሁ ነበር።

ለቡድኑ ከዐስር በፊት ደረስሁ። ዘይነባ ወደ ጅዳ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ተኝታ እንደሄደች በስልክ ነገረችኝ።

ኮምቦልቻ

ቤት ስገባ እናቴ የዘምዘሙን ውሃ ከእጄ ሳትቀበል "መንፈሱን አየሽው?" አለችኝ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት።

"ሰባት ዓመት ሙሉ" አለች፣ "ልጄን ነፍሴ የምትላትን ሴት ነው አርቅልኝ ስል የኖርሁት?"

"አላወቅሽም፣ እማ።"

"ስሟ ማን ነው? ዱዓ ላድርግላት።"

ደብተሬን ከፈትሁ። የደረጃው ብዛት አለ። የበሩ ቀለም አለ። ለዚያች ሴት ያሰብሁላት የአሮጌው ከተማ መስኮቶች በቁጥር አሉ። ስሟ የለም። ሞቷን ለታሪኬ ስፈልገው ስም ያላት ሰው መሆኗን ዘንግቼዋለሁ። ይህን ለመማር ባሕር መሻገር አልነበረብኝም፤ ግን የተማርሁት ተሻግሬ ከተመለስሁ በኋላ ነው። የመንፈሱ ታሪክ አልተጻፈም፤ አይጻፍምም።

ወደ ጅዳ ደወልን። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ ከፍቼ እናቴ ፊት አስቀመጥሁት።

"ነፊሳ ነው" አለች ዘይነባ። "ያን ቀን በሩ ላይ ማዳምን ጠየቅኋት። እኔም እስከዚያ አላውቀውም ነበር።"

እናቴ ሻሿን አስተካክላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

"ያረቢ፣ እስካሁን የለመንሁህን ተወው" አለች። "ነፊሳን ማርልኝ። እጇን ባዶ አታድርግባት።"

ዘይነባ ከስልኩ ውስጥ አሜን ስትል ሰማናት።