ወንድሜ የለበሰው ቀሚሴ

በቀደም የጠበበኝን ቀሚስ ይዤ አዲስ ከተማ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰውየው ስፌቱን በምላጭ ይተረትር ጀመር። ክሩ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ሲበጠስ ትንፋሽ አጠረኝ። "ምነው እትዬ፣ አመመዎት?" አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው?

ያን ድምፅ የማውቀው ከደርግ ጊዜ ጀምሮ፣ ሐይቁ አጠገብ ከነበረው ቤታችን ነው። ከተማዋን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ወጣት ወንዶች ለብሔራዊ ውትድርና ከየመንገዱ ይታፈሱ ነበር፤ የታላቅ ወንድሜም ዕድሜ ደርሶ ነበር። እናቴ የእኔን የቤት ቀሚስ አውጥታ፣ ለትከሻው እንዲበቃ ስፌቱን በምላጭ ተረተረችና ጨርቅ ቀጠለችበት፤ ሻሽም አሰረችለት። ወንድሜ እየሳቀ ለበሰው። እኔም ሳቅሁ። አባቴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ሲመጡ ጓዳው በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ምስር እንለቅም ነበር። ወንድሜ አቀርቅሯል፤ ጢሙም ገና አልበቀለም። አንደኛው ጠባቂ አንገቱን አስግጎ አየንና ወደ ጓደኛው ዞሮ "ሰው የለም፤ ሴቶች ናቸው" አለ። ሄዱ። እናቴ ደረቷን ይዛ አምላኳን አመሰገነች። እኔን ግን ያቺ "ሰው የለም" ዛሬም ትቆጠቁጠኛለች።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ መውጣት ስላልቻለ ከእኔ ጋር ይውል ጀመር። ሽንኩርት ከተፈ፣ የዓሣ ቅርፊት ፋቀ፣ ልብስ አጠበ። ጓዳው በዓሣና በሳሙና ጠረን ይታፈናል። አንድ ቀን ወገቡን ይዞ ቀና አለና፣

"አንቺ፣ ይሄን ሁሉ በየቀኑ ብቻሽን ነው የምትሠሪው?" አለኝ።

"ታዲያ ማን ሊሠራልኝ ኖሯል?"

ከዚያን ቀን ወዲያ ትልቁን ባልዲ አላስነሣኝም። በዚያ ቤት ድካሜን ያየልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ እንዲያየውም ቀሚስ መልበስ ነበረበት።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ለሴቶች እኩልነት ግራ እጁን ለማንሣት ማን ይቀድመዋል! ማታ እግሩን የማጥበው ግን እኔ ነበርኩ። አንድ ምሽት ወባ ጣለኝ። ወንድሜ በሳፋ ሙቅ ውሃ ይዞ፣ ቀሚሱን እንደ ለበሰ፣ አባቴ እግር ሥር ተንበረከከ። አባቴ እግሩን ሰበሰበ።

"ወንድ ወለድኩ ብዬ ነበር" አለ። "እንዲህ ሆነህ ከማይህ ሬሳህን ቢያመጡልኝ ይሻለኛል።"

"ኧረ ክፉ አትናገር!" አለች እናቴ። "ልጄ ይኑርልኝ እንጂ ቀሚስ ምን ያደርገዋል?"

"ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" አላት።

ጠዋት ወንድሜ ቀሚሴን አጣጥፎ አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ሱሪውን ለብሷል። ግንባሬን ዳሰስ አድርጎ "ውሃ ቀድቼልሻለሁ፤ ዛሬ እንዳትነሺ" አለኝና ፀሐይ ላይ፣ በዋናው መንገድ ሄደ። መኪና ላይ ሲጭኑት ያየች ጎረቤት መጥታ ነገረችን።

ወደ ማሠልጠኛ ከመወሰዱ በፊት እናትና አባቴ ሊሸኙት ሲሄዱ እያተኮሰኝ ተከተልኳቸው። አባቴ "ይሄ ነው ወንድ!" እያለ ትከሻውን ይመታዋል። ወንድሜ የሚያየው እኔን ነበር።

ደርግ ወደቀ። የተረፉት ልጆች በየተራ፣ አንዳንዱም በክራንች፣ ወደየቤታቸው ገቡ። ወንድሜ አልተመለሰም። ሬሳውም አልመጣም። እናቴ በር በሩን እያየች አለፈች።

አባቴ አሁን እኔ ቤት ነው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ሊጠይቀው የመጣ አዲስ ጎረቤት "አባባ፣ ስንት ወለዱ?" አለው።

አባቴ ጥቂት አሰበ። "አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ጦርነት በላብኝ።"

የያዝኩት ሾርባ ማንኪያው ላይ ቀዝቅዞ ነበር። እፍ ማለት አላስፈለገኝም፤ ወደ አፉ አቀረብኩለት።