አንዲት ቁራጭ ሽቦ እና የፎርማኑ ስም

ዛሬ ጠዋት አንድ ጎረምሳ ሹፌር ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቅኖ የመኪና መመርመሪያ ማሽን ፎቶ አሳየኝ። አባቱ የተወለት የድሮ ላንድክሩዘር አለችው፤ የሞተር መብራቷ በርቶ አልጠፋ ብሎታል። «አደር፣ ይሄን ከዱባይ ላስመጣው? ሁሉንም መኪና ያነባል ይላል» አለኝ። አደር በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው፤ ፂሜ ከሸበተ ወዲህ እዚህ ሐርጌሳ የማያውቀኝም እንዲህ ይለኛል።

«አቦ፣ መጀመሪያ ሂድና ከመሪዋ ስር ጎንበስ ብለህ ሶኬቷን እያት» አልኩት። «አስራ ስድስት ቀዳዳ ያለው ሰፊ ሶኬት ካላት ማሽኑን ግዛ። ከሌላት የታናናሾችህ መጫወቻ ነው የሚሆነው።» ልጁ ስቆ ሄደ። እኔ አልሳቅኩም። የድሮ ነገሬ ተቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤተሰቦቼ በሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሐርጌሳ ሸሽተው ድሬዳዋ ነው ያሳደጉኝ፤ ቋንቋዬም ጠባዬም የድሬ ነው። እዚያው ድሬ፣ ከዚራ የሚባል ሰፈር አንድ ጋራዥ እጄን ካፍታታሁ በኋላ ሐርጌሳ ተመልሼ ኮድቡር ሰፈር ተቀጠርኩ። አለቃችንን ፎርማን ነበር የምንለው። እጁ መጥፎ አልነበረም፣ ይሄን አልክድም። ክፋቱ አፉ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ፓስታውን በሙዝ እየዋጠ፣ «እናንተ የድሬ ልጆች ከብየዳ ሌላ ምን ታውቃላችሁ?» ይለኛል፤ ሹፌሮቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፣ ሞኝ!

ከደንበኞቻችን አንዷ ኤዶ ሐሊሞ ናት፣ የግመል ወተት ነጋዴ። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ አንቺ ማለቴን ለንቀት አትውሰዱብኝ፣ ድሬ ላይ አንቱታ አይሆንልንም። በአሮጌ ላንድክሩዘሯ ጎህ ሲቀድ ከገጠር ወተት ጭና ገበያ ታደርሳለች። አንድ ቀን መኪናዋን እኛ ጋ አሳደረቻት። ፎርማኑ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ቀየረ፣ እኔ የጭስ ማውጫዋን በየድኩ። በማግስቱ የሞተር መብራቷ በርቶ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ እየተንዘፈዘፈች ተመለሰች።

ፎርማኑ በዚያው ሳምንት ከዱባይ ስካነር፣ ያው መመርመሪያ ማሽን፣ አስመጥቶ ነበር። ወላሂ፣ ሻንጣው ራሱ ያብረቀርቃል። ውስጡ ዓይነት በዓይነት ገመድ አለ። ኤዶ ሐሊሞን አጠገቡ አቁሞ ገመዱን እየቀያየረ ሞከረ፤ አንዱ ሶኬቷ ውስጥ ገባለት። ማሽኑ ጢጥ አለና በእንግሊዝኛ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል ጻፈ። በቃ፣ ይሄን ብቻ ነው ያለው። ፎርማኑ ግን ቀና ብሎ፣ «ኮምፒዩተሯ ሞቷል። ይሄ የድሬ ልጅ የባትሪ ገመድ ሳይነቅል በይዶ አቃጠለው» አለ።

ነቅያለሁ! በእነዚህ እጆቼ ነቅያለሁ! ግን ማን ይስማኝ? ማሽኑ ተናግሯል ተባለ።

ሶማሌ አገር ሰው ሁለት ስም አለው፤ እናቱ ያወጣችለትና አገር ያወጣለት። የሚያሸንፈው አገር ያወጣው ነው። አንካሳውን አንካሳ፣ ወላቃውን ወላቃ ብለው ፊት ለፊት ይጠሩታል፤ እንደ ስድብ አይቆጠርም፣ ስሙ ነው። እናቴ ሙክታር ብላኝ ነበር። የዚያን ቀን የከሰዓቱ ሶላት፣ አሱር፣ ሳይሰገድ ጉቤ ሆንኩ፤ አቃጣዩ ማለት ነው። ሥራዬንም ያን ቀን አጣሁ።

ሼክ ኑር ሰፈር አንድ ዘመዴ ጋ ተጠግቼ፣ አያሃ ሰፈር ለግንበኞች አሸዋ መዛቅ ጀመርኩ። ጅላል ነበር፣ የደረቁ ወራት፤ ነፋሱ አቧራውን ጥርስ ውስጥ ይከታል። ሦስት ጋራዥ ሄጄ ሥራ ጠየቅኩ። ሦስቱም ጋ አንድ ዓይነት መልስ ነው፦ «ጉቤ አይደለህ እንዴ?» አሸዋ ቦታ እንኳ አንዱ ሲጋራ ሲለኩስ፣ «ጉቤን አርቁልኝ፣ እንዳያነደኝ» ብሎ ቀለደብኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የኔ ወጊ ግን አልረሳም፣ ይስቅበት ነበር እንጂ! ይሄ ስም ከያዘኝ ዕድሜ ልኬን መኪና የሚሰጠኝ ሰው እንደማላገኝ ገባኝ። ደሜ ፈላ።

አካፋ ይዤ ሳስብ ነው ነገሩ የበራልኝ። ከዚራ እያለን ማሽን የሚባል አልነበረንም። የዚያ ዘመን መኪና ሞተሯ አጠገብ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አለቻት። ሁለቱን ቀዳዳ ለይተህ በሽቦ ስታገናኛቸው የሞተር መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ የብልሽቱን ቁጥር ይቆጥርልሃል። የቁጥሮቹን ዝርዝር የያዘች ፎቶኮፒ ገጽ ደግሞ እቃዬ መሃል ነበረችኝ። የፎርማኑ ስካነር የተሠራው ከኤዶ ሐሊሞ መኪና በኋላ ለመጡት ነው፤ ከእሷ ጋር ቋንቋቸው አይገናኝም።

ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። መኪናዋ ግቢ ቆማለች፤ ከዱባይ ኮምፒዩተር እስኪመጣ ጠብቂ ተብላለች። እሷ ሻሂ ልታመጣልኝ ስትገባ ሽቦዬን ከተትኩ። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ቆም፣ ሁለት ጊዜ ብልጭ። ሃያ ሁለት፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፎርማኑ የቀየረው ቴርሞስታት አጠገብ ሶኬቱ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ነቅሎት፣ ሳይመልሰው ረስቶታል! አንድ ጊዜ ጫን ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ጫን ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግኩም። ኮፈኗን ዘጋሁና ሻሂዬን ጠጥቼ፣ «ኤዶ፣ ሐሙስ ከአሱር በኋላ እንደምንም አስነስተሽ ጋራዥ አምጫት» አልኳት። ለምን ሐሙስ? ሹፌር ሁሉ ጫቱን ይዞ ጋራዡ ጥላ ስር የሚሰበሰበው ሐሙስ ስለሆነ ነዋ! አምስት ቀን ሙሉ ወተቷ በሰው መኪና እየዘገየ፣ እየኮመጠጠ ገበያ ደረሰ። አውቅ ነበር። ግን ምስክር እፈልግ ነበር፤ ብዙ ምስክር።

ሐሙስ ደረሰ። ኤዶ ሐሊሞ ጭሷን እየጎተተች ስትገባ እኔ ከጎኗ ተቀምጫለሁ። ሹፌሮቹ ጉንጫቸው ሞልቷል። ፎርማኑ ገና ሲያየኝ፣ «ጉቤ! ደግሞ ምን ልታቃጥል መጣህ?» አለ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ሦስት ጣት የምትሞላ ሽቦ ከኪሴ አወጣሁ።

«ፎርማን፣ ማሽንህን አምጣ። አንተ በማሽንህ፣ እኔ በዚህች።»

እምቢ ማለት አልቻለም፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ሰካ፤ ማሽኑ ያንኑ ጻፈ። «ሞቷል አላልኳችሁም?» አለ። እኔ ሽቦዬን ከትቼ ቁልፏን አዞርኩ። ፀሐዩ ኃይለኛ ስለነበር መብራቱ አይታይም፤ ኤዶ ሐሊሞ ሻሿን ከራሷ ጋር ዳሽቦርዱ ላይ ደፍታ ገባችበት።

«ቁጠሪ ኤዶ» አልኳት።

«አንድ፣ ሁለት... ቆመ። አንድ፣ ሁለት... ደግሞ ቆመ።»

ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ግን ወተት ስትሰፍር ኖራለች፣ ቁጥር አይስታትም። «ሞቷል ያልከው ኮምፒዩተር ይኸው ያወራል» አልኩት ፎርማኑን። የቁጥሮቹን ገጽ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሹፌር ሰጠሁት። «ሃያ ሁለት፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር» ብሎ አነበበ። የተንጠለጠለውን ሶኬት በጣቴ አንስቼ ለሁሉም አሳየሁ።

«እዚህ ጋ ቴርሞስታት የቀየረው ማነው?»

ኤዶ ሐሊሞ ዞር ብላ ፎርማኑን አየችው። «አንተ ነህ» አለች።

ጫን አደረግኩት፣ ጠቅ አለ። የመብራቱ ትዝታ እንዲጠፋ ፊውዟን ነቅዬ መለስኩና አስነሳኋት። ተነሳች! ትንሽ ሠርታ ጭሷም ጠራ። ፎርማኑ ላቡን እየጠረገ፣ «እንግዲህ ሰው ነኝ፣ ይሳሳታል ሰው» አለ ቀስ ብሎ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። ሽቦዋን አውጥቼ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተትኩለትና፣ «እንካ፣ ይሄ ከማሽንህ ይሻልሃል፣ ሲሊግ!» አልኩት። ሲሊግ በሶማልኛ ሽቦ ነው። ሹፌሮቹ ጫታቸው እስኪወጣ ሳቁ። «ሲሊግ!» ብላ ኤዶ ሐሊሞ ደገመችው፤ በነጋታው ጠዋት ወተት የገዛ ሁሉ ስሙንም ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጉቤ ያለኝ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም።

ፎርማኑ በርበራ ከተማ ሄዶ ሠራ አሉ፤ ስሙ ቀድሞት ደርሶ ጠበቀው። ከስንት ዓመት በኋላ እኔ የራሴን ጋራዥ ከፍቼ ሳለ መጣ። ሸምግሏል። «ሙክታር» አለኝ፣ ጉቤ ሳይሆን ሙክታር። «ልጄን ሊያጩ የመጡት ሰዎች የሲሊግ ልጅ ናት ወይ ብለው ነው የጠየቁት። ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ አንተው መልሰው። ወጣት ነበርክ፣ አልይዝብህም።» ከዚያ ስሙን ከነአባቱ ነገረኝ፤ ልክ እንደማንተዋወቅ። እኔ ካንዴላ እየፋቅኩ ነበር፣ ቀና አላልኩም።

«እኔ ጉቤ ስባል አፍህ የት ነበር?» አልኩት። «ሂድ ሲሊግ፣ ሥራ ይዣለሁ።»

ሄደ። አልዋሽም፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

ባለፈው ረመዳን ሞተ። «ሲሊግ አረፈ» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ መጣ፤ ቀብሩ ላይ ተገኝቼ አፈር አልብሻለሁ። የሠራብኝን ሠርቶብኛል፣ ያገኘውም ይገባው ነበር፤ ዛሬም ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ግን ያ ጎረምሳ በጠዋት ነገሩን ሲቀሰቅስብኝ፣ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግጄ ስጨርስ ለእሱም ዱዓ ላድርግ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። «ያ አላህ፣ ማረው...» ብዬ ስሙ ጋ ስደርስ አፌ ላይ የመጣው ሲሊግ ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ሲሊግ። ጋራዤ የመጣ ቀን ፊቴ ቆሞ ስሙን በገዛ አፉ፣ ከነአባቱ፣ ነግሮኝ ነበር። አልያዝኩትም።