ያልተበላው እንጀራ

ዘይቱና ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተር እንቢ ሲል የምትጠራ ልጅ ናት። የምትሠራው በአንድ የተራድኦ ድርጅት ቢሮ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. በገዛ እጇ አንድ ፕሮግራም ጻፈች። አንድ ሰው የሚበላውን ሲነግሩት ለጤናው «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ብሎ ይፈርዳል። በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ ራሱን ይፈትናል፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ የጥቂት ቤቶችን ምግብ ያሰላና ከተስማማለት አረንጓዴ ያበራል። ዘይቱና በዚህ አረንጓዴ መብራት ትኮራ ነበር። ሰው በወለደው አይደል የሚኮራ?

ያን ሰሞን ግን ኩራቱ ቤቷ አልደረሰም። ታናሽ ወንድሟ ከማል በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ የመን ገብቶ ነበር። መጨረሻ ሲደውል «ደረቅ ዳቦ ብቻ ነው የምንበላው፣ እማ፤ ዱዓ አድርጊልኝ» አለ፤ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እናታቸው ሙሚናም ተሳለች፦ የልጇን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ ከወተት በቀር እህል ላትቀምስ።

ወተቱን ሰንበቴ ገበያ የሚወርዱ ጎረቤቶች ከአፋሮች ገዝተው ያመጡላታል፤ የግመል ወተት ነው። ወሩ ሳያልቅ ጉንጯ ጎደጎደ፤ ለሶላት ስትነሳ ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ሸኹ ራስን የሚጎዳ ስለት እንደማይያዝ፣ ድሃ አብልታ ልትፈታው እንደምትችል ነገሯት። እሷ ግን ወይ ፍንክች!

«ማን ተጎዳ?» አለች ዘይቱናን። «አፋሮቹ በወተት ይኖሩ የለ እንዴ?»

«እነሱም እኮ ገበያ ወርደው እህል ይሸምታሉ፣ እማ።»

«እንግዲያው ያ ሳጥንሽ ይፍረድ። አይበቃም ካለኝ፣ ወላሂ እበላለሁ።»

ዘይቱና ደስ አላት። ላፕቶፑን ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛው መጣች፤ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ከፈተችው። ራሱን ፈተነ፤ አረንጓዴ። «ወተት» ብላ ጻፈች።

«ይበቃል» አለ፤ ይኸውም በአረንጓዴ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሙሚና፤ ወተቷንም አነሳች።

በማግስቱ ቢሮ ገብታ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች ብታነበው ስህተት አጣች። ፈተናውን ደጋግማ አስነሳችው፤ አረንጓዴ፣ አሁንም አረንጓዴ። ቀበሮን ምስክርሽ ማነው ቢሏት ጅራቴ አለች ይባላል፤ ፕሮግራሙንም ፈተናውንም የጻፈች ያቺው አንዲት ዘይቱና ናት። ቃሉን ገልብጣ በግድ «አይበቃም» ልታሰኘው አሰበች፤ አፈረች። በዚህ ፍርድ የሚታመን የስንት እናት ልጅ አለ! ግን እናቴ ብትሞትብኝስ የሚለው ፍርሃት አልለቅ አላት።

ምሳ ሰዓት ላይ የሥራ ጓደኛዋ ሶፍያ ከውጭ ገባች።

«ምን በላሽ?» አለቻት ዘይቱና፣ ለወጉ ያህል።

«ሽሮ።»

ዘይቱና ደንግጣ ቀረች። ሽሮ! እንጀራውንስ ማን ይጠራዋል? ምን በላህ ሲባል ወጡን እንጂ እንጀራውን የሚናገር ሰው በአገሩ የለም። ቤት ለቤት ሲጠየቅም ሰዉ እንጀራውን እየዘለለ ስላስቸገራት፣ ለተነገረው ምግብ ሁሉ እንጀራ እየጨመረ እንዲያሰላ ያዘዘችው ራሷ ናት። የፈተናዎቹም ምግብ የተወሰደው እንጀራ ከማይጠፋበት ቤት ነው። እናቷ ወተት ብቻ ስትጠጣ፣ ፕሮግራሙ ያልቀመሰችውን እንጀራ ሲቆጥርላት ኖሯል።

ያን ጭማሪ አወጣችው። ከፈተናዎቹም ላይ እንጀራ የሌለበት ቤት ጨመረች። ማታ እናቷ ፊት ስትከፍተው «አይበቃም» አለ፤ ቀይ።

ሙሚና ማንበብ አትችልም፤ ቀለሙን ግን ለይታዋለች። «ትናንት ይበቃል፣ ዛሬ አይበቃም? እኔን ለማብላት ብለሽ ነው የቀየርሽው!»

«ወላሂ አይደለም፣ እማ። ትናንት ያልበላሽውን እንጀራ በልታለች ብሎ ነው የፈረደልሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሙሚና ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አለች።

«ለከማልስ? ደረቅ ዳቦ ብቻ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ዘይቱና ይህን አላሰበችም ነበር። የትናንቱ ፕሮግራም ቢሆን ለሱም እንጀራ ጨምሮ «ይበቃል» ባለላት። ምነው ባላስተካከልሁት አለች በልቧ። እናቷ እያየቻት ነው፤ «ደረቅ ዳቦ» ብላ ጻፈች።

ቀይ ሆነ።

ሙሚና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሲወጣላት ቀና አለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንጀራ አምጪልኝ። ለድሃው የሚሰጠውንም ነገ እናሰናዳለን።»

«እማ...»

«ልትሸነግይኝ ብትፈልጊ ለከማል ይበቃል ባሰኘሽው ነበር። ከስቶ ነው የሚመጣ። እኔም ወድቄ ከጠበቅሁት ማን ያበላዋል?»

ቢስሚላህ ብላ ቆረሰች፤ ለዘይቱናም አጎረሰቻት። ስክሪኑ ላይ ቀዩ እንደበራ ነበር፤ ስልኩም በመሀላቸው ዝም ብሎ ተቀምጧል።