ወንዶችም የሚፍቁበት ግቢ

ዛሬም ድረስ አንድ ሰው «ሁሉም የጋራ ነው» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። የጋራ የሚባለውን ኖሬበት አውቀዋለሁ።

ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ዘመድ ያልሆንን ወጣቶች አብረን እንኖር ነበር። ማሳው የጋራ፣ ጸሎቱ የጋራ፣ ድስቱም የጋራ። መጀመሪያ የተስማማነው ደግሞ የወንድ ሥራ፣ የሴት ሥራ የሚባል ነገር እንዳይኖር ነበር። እኔን ከእናቴ ቤት ያስወጣኝ ይኸው ቃል ነው። ልጅነቴን እንሰት ስፍቅ ነው የጨረስኩት፤ የተገነጠለውን ግንድ ጣውላ ላይ በእግሬ ረግጬ፣ በቀርከሃ እየፋቅኩ፣ ጭማቂው እስከ ክርኔ እየወረደ ሲያሳክከኝ። በእኛ አገር ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ቆጮውን ይበላል፤ አይፍቅም። ሲፋቅ አጠገቡም አይደርስም።

ሻንጣዬን ሳነሳ ለእናቴ «እዚያ ወንዶችም ይፍቃሉ» አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ሄጄም አልጠየቅኳት።

እውነት ለመናገር ወንዶቹ ሳህን አጥበዋል፣ ውሃም ቀድተዋል። እንሰት ሲቆረጥ ግን አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ ሌላው ሶዶ ጉዳይ ይኖረዋል፣ ግቢውን የሚመራው መምህር ጸሎት ይይዛል። እኛ ሦስት ሴቶች እንፍቃለን። እናቴ ቤት ለቤተሰብ ነበር የምፍቀው፤ እዚህ ለመላው ግቢ። «ቀስ በቀስ ይለምዱታል» እየተባባልን ታገስን። ቂሎች!

አንድ ቀን ከዞን ለልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡ። የእኩልነት ሞዴል ተብለናል። ከጧት ጀምረን ስንፍቅ መምህሩ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና ቀርከሃውን ከእጄ ወሰደ። ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። እሱ ግን እፍኝ እንኳ ሳይፍቅ ተነሣና ቀርከሃውን መልሶ ዘረጋልኝ።

«በይ እህቴ፣ ጨርሺው፤ እኛ ከእንግዶቹ ጋር ምሳ እንበላለን።»

እጄን አልዘረጋሁም። «አንተው ጨርሰው እንጂ፣ ወንድሜ! እንግዶቹም ይዩ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ባህሉን እያወቅሽ!» አለኝ።

ባህል! ካሜራው ፊት የት ሄዶ ነበር ባህሉ? ሁለቱን ሴቶች ዞሬ አየኋቸው። አቀረቀሩ። ከዚያ አንደኛዋ ተነሥታ ቀርከሃውን ከእጁ ተቀበለችው። ከእሱ ይልቅ እሷ አንጀቴን አሳረረችው።

እጄን ሳልታጠብ ሻንጣዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እናቴን ጓሮ፣ ጣውላዋ ላይ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። ትስቅብኛለች ብዬ መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። አልሳቀችም። ሻንጣዬን አየች፤ እስከ ክርኔ የደረቀውን ጭማቂ አየች። ከዚያም ፈቀቅ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ።