በድራማ መሀል የታጠፈ ሱሪ

ልብስ ሰፊዋ ወሬ አምቃ መያዝ አይሆንላትም፤ የወደደችውን ዘፈንና ድራማ ሰው ካልሰማላት ሆዷ ይነፋል። ጠዋት ሬዲዮ ከፍታ አብራ እየዘፈነች ትሰፋለች። ከሰዓት ስልኳን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስደግፋ ተከታታይ ድራማዋን ታያለች። ለልክ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ያመለጠውን ክፍል ሳይሰማ አይወጣም።

አንድ ቀን ደንበኛዋ የሆነ የአውቶቡስ ሾፌር አዲሱን ሱሪውን በብብቱ ሸጉጦ እየተነጫነጨ ገባ።

"እትዬ፣ ምን ጉድ ነው የሠሩኝ? ግራው እግር በአራት ጣት አጥሯል!"

ሱሪውን ዘርግታ ስታየው ሳቋ አመለጣት።

"ግራውን ሳጥፍ እኮ ነው ሙሽራዋ በሰርጓ ቀን የጠፋችው! ዓይኔ ጨርቁ ላይ ይሁን ወይስ እሷ ላይ?"

"እና እሷ ስለጠፋች የእኔ ቁርጭምጭሚት አደባባይ ይውጣ?" ብሎ ጦፈ።

"ቁጭ በል፣ አሁኑኑ አስተካክልልሃለሁ።"

እያጉረመረመ ድራማው ከሚታይበት ስልኳ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እጥፉን ፈታች፣ እንደገና ለካች፣ ሰፋች፣ ተኮሰች።

"ይኸው፣ አለቀልህ!"

ሾፌሩ ዓይኑን ከስልኳ አልነቀለም።

"ቆይ እስቲ እትዬ፣ ቀኙንም ፈተው ይለኩት" አላት። "ሙሽራዋ በር እያንኳኳች ነው።"