ሳይሰምር የገባ ስለት

ሎሚ ስትጸልይ አጠገቧ የቆመ ሰው ያፍር ነበር። እንደ ሌላው ሴት አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ብቻ አታንቀሳቅስም። ማለዳ ከየካ ዳገቱን ወጥታ እንጦጦ ማርያም ትደርሳለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግንባሯን ከቅጽሩ ድንጋይ አስነክታ ቀና ትልና፣ ከጎረቤት ጋር ስለ ድንበር እንደሚነጋገር ሰው ጮክ ብላ ጉዳይዋን ትናገራለች። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአባቷ ቋንቋ በኦሮምኛ።

«እመቤቴ፣ ዛሬም መጣሁ። የዓለሙን እግር ነው የምልሽ። የየካው ዓለሙ፣ ባሌ፣ ግንድ ጠራቢው፤ ከሌላ ዓለሙ ጋር እንዳይምታታ። ለልጅሽ ንገሪልኝ። በኅዳር ጽዮን በገዛ እግሩ ይህን ቅጽር ይርገጥ። እኔም በእጄ የፈተልኩትን መጋረጃ አገባልሻለሁ። በይ ደህና ዋዪ፤ ነገም እመጣለሁ።»

ያኔ አዲስ አበባ የሚባል ስም ገና አልተወለደም። ከተማው ከተራራው አናት ላይ ነበር፤ መኳንንቱ በብርዱ ቦታ ተሻምተው እልፍኝ ያስቆማሉ፤ ከየካ ገደል ጥድ እየጣሉ ወደ ላይ መጎተት የማይነጥፍ ሥራ ነበር። በሚያዝያ አንድ ጠዋት ሰባት ሰው በጠፍር ሲጎትተው የነበረ ግንድ አፈተለከ። ዳገቱን ተንከባሎ ወርዶ የዓለሙን ቀኝ ጉልበት ከድንጋይ ጋር አጣበቀው። ወጌሻው አሸው፤ በቀርከሃ ደግፎ አሰረው። በሦስተኛው ወር ፈትቶ አየና «አጥንቱ ገጥሟል፤ መታጠፊያው ግን ሞቷል» አለ፤ የተዘጋጀለትን የበግ ወርች ተቀብሎ ሄደ።

የጎረቤቱ መልስ አንድ ነበር። «ፈቃዱ ነው።»

«ፈቃዱ ነው» ማለት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለምኖ፣ አልቅሶ፣ ጉልበቱ እስኪላጥ ተንበርክኮ፣ መጨረሻ ላይ የሚለው ነው። ሁለተኛው እግሩን ምድጃ ዳር ዘርግቶ እየሞቀ የሚለው ነው። ይኸኛው ስንፍና ነው፤ ነጠላ ያጣፋ ስንፍና! እምቢ እንዳይባል ፈርቶ ሳይለምን ይቀርና ፍርሃቱን ትሕትና ብሎ ስም ያወጣለታል። ጌታችን በጌቴሴማኒ ምን አደረገ? አስቀድሞ ለመነ። ያውም ሦስት ጊዜ፤ ያውም ላቡ እንደ ደም እየወረደ። ለአባቱ ፈቃድ የተወው ለምኖ እንጂ ሳይለምን አይደለም። ይህን በየዓመቱ በሕማማት ቆመን እንሰማለን፤ ወገባችን እስኪቆረጥ እንሰግዳለን፤ ከደጀ ሰላም ስንወጣ ግን ጆሯችንን እዚያው ጥለነው እንወጣለን።

ሎሚ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አልተማረችም። እሷ የምታውቀው ጥጥ ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ መልሱ ይምጣ አይምጣ ሳታውቅ፣ መጋረጃውን ጀመረች። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ እንዝርቷን ስታሾር፣ ክሩ ከሸረሪት ድር የሚወፍር አይመስልም ነበር። ጎረቤቷ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ወገባቸውን የሚያማቸውና ምላሳቸውን ፈጽሞ አሟቸው የማያውቅ ሴት፣ አንድ ቀን መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አንቺ ሎሚ፣ ምነው ድምፅሽ? ካህናቱ እኮ ሰው ተጣላ ብለው ሊወጡ ነበር።»

«ቅዳሴ ሳይገባ እኮ ነው የምጨርሰው፣ እትዬ ሸዋረጋ።»

«በዚያ ላይ በኦሮምኛ! እመቤታችን ኦሮምኛ ትሰማለች?»

«የእርስዎን አማርኛ ከቻለችው የእኔን ኦሮምኛ አያቅታትም።»

ሸዋረጋ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። «ቀልዱን ተዪው። ሰማይን እንዲህ አያዙትም። ቀን ቆርጠሽ፣ ኅዳር ብለሽ፣ በገዛ እግሩ ብለሽ! ‹ፈቃድሽ ሲሆን› ብሎ ዝም ነው።»

«እርስዎ እሳት ሊጭሩ እኔ ቤት ሲመጡ ‹ፈቃድሽ ሲሆን› ብለው ደጅ ቆመው ይቀራሉ? ‹ሎሚ፣ እሳት ስጪኝ› ነው የሚሉኝ። ጠፍቶብኝ የለም ስልዎት ደግሞ ተኮራርፈን እናውቃለን?»

«አናውቅም።»

«እኔም ከእመቤቴ ጋር እንደዚያው ነኝ።»

ዓለሙ ይህን ሁሉ በር ላይ ተቀምጦ ይሰማል። መጀመሪያ ላይ የሚስቱ ልመና ደስ ይለው ነበር፤ በፍልሰታ ጾም ማብቂያ ግን ምሰሶውን ተደግፎ ሊቆም ሞክሮ በደረቱ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ማልዳ ስትወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር።

ኅዳር ገባ። ክሩን የሰጠችው ሸማኔ መጋረጃውን ጨርሶ አመጣ። ሰው ሁሉ ሊያየው መጣ፤ ከመጡት አንዱ ሸማ ይዞ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። ጨርቁን በጣቱ አሽቶ፣ ለብርሃን ዘርግቶ ካየ በኋላ ያለማቅማማት «አህያዬን ውሰጂና ይህን ስጪኝ» አለ። አህያው ደህና አህያ ነው፤ ጀርባው ያልተላጠ፣ ዳገት የለመደ። ሎሚ ነገ እነግርሃለሁ ብላ ሸኘችው።

ሰዉ ሲበተን ዓለሙ ከብዙ ሳምንት በኋላ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ስሚኝ ሎሚ። ስለት ሲሰምር ነው የሚገባው። ሰመረ?»

«አልሰመረም።»

«እንግዲያው ጨርቁ የእኛ ነው። በሕግም በሃይማኖትም የእኛ ነው። አህያ ካለኝ ከዚህ በር እወጣለሁ። ጫካው ድረስ ሄጄ ተቀምጬም ቢሆን እጠርባለሁ። ሰው እሆናለሁ።»

ልክ ነው። ሎሚ እንስራዋን አዝላ ምንጭ ወረደች፤ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ እንስራውን ሳታነሳ ቆመች። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ዳገቱን ወጥታለች። የዓለሙን እግር ብቻ ፈልጋ ቢሆን ኖሮ እስከ ነሐሴ ይበቃት ነበር፤ ያኔ እኮ አይታዋለች፣ እግሩ እንጨት ነው። እሷ ግን ከዚያ በኋላም ወጣች። እዚያ ላይ የሚሰማት አለ። ለዓለሙ ያልነገረችውን፣ ለእናቷም ያልነገረችውን ነግራዋለች፤ እየተቆጣችም እያለቀሰችም ነግራዋለች፤ አንድም ቀን ደጁ አልተዘጋባትም። መጋረጃውን ለማን እንደፈተለችው አሰበች። ለእግሩ ዋጋ ነበር? አልነበረም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አህያ ግን አህያ ነው፤ እሱንም አሰበችው፤ እንባዋም መጣ። እንስራውን አንስታ ወደ ቤት ወጣች።

«አገባዋለሁ» አለችው።

«ለእምቢታ እጅ መንሻ የሚሰጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለና ዓለሙ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በጽዮን ዕለት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ የተሳሉት ሁሉ በደጀ ሰላሙ ተሰለፉ። የዕቃ ቤቱ ሹም አባ ሣህሌ ስለቱን ተቀብለው ከፍ አድርገው እያሳዩ ይጠራሉ፤ ሕዝቡ እልል ይላል። አንዱ ከዘመቻ በሰላም በመመለሱ ጃንጥላ አገባ፤ እልልታው ቅጽሩን አናወጠው። አንዷ ሕፃኗ ከፈንጣጣ ስለተረፈላት ጧፍ አገባች። ቀጥሎ የሎሚ ተራ ሆነ።

አባ ሣህሌ መጋረጃውን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። «ዓለሙ ተነሳ?»

«አልተነሳም፣ አባ።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። «ታዲያ ልጄ፣ ያልሰመረ ስለት አይገባም። ዕዳ የለብሽም። ይዘሽ ቤትሽ ግቢ።»

«ዕዳ አለብኝ ብዬ አላመጣሁትም።»

«እንዴ! ታዲያ ምን ብዬ ልጥራው? እኔ እኮ ለምና አገኘች እያልኩ ነው የምጠራው።»

«የሆነውን ይጥሩት። ለመነች፣ አልተሰጣትም፣ ስለቷን አመጣች፣ ነገም ትለምናለች ይበሉ።»

«ነገም?»

«ነገም። የዛሬው ፈቃድ ይህ ነው፤ እሺ ብያለሁ። የነገውን በምን አውቄ ነው ዛሬ አፌን የምዘጋው?»

ከኋላ ሰው አጉረመረመ። አንዱ «ማርያምን መክሰሷ ነው» አለ፤ ሌላው «አጉል ድፍረት» አለ። በገዛ ቤታቸው ለእግዜር አንዲት እውነት ተናግረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ድፍረት የሚያስደነግጣቸው! አባ ሣህሌ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ መጋረጃውን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ጨርቁን ሁለት እጃቸው እስኪዘረጋ ዘርግተው፣ አንድም ቃል ሳይቀንሱ፣ ያለችውን ጠሩት።

ሕዝቡ ለዚህ ዓይነቱ ስለት እልል ይባል አይባል አያውቅም። ከሴቶቹ መካከል አንድ የተሰነጠቀ እልልታ ተነሳ፤ የሸዋረጋ ነበር። ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ማን ቀረ።

ቤት ስትደርስ ዓለሙ ከግድግዳው ሳይዞር «አህያዬን ሰጥተሽ መጣሽ?» አላት። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አባ ሣህሌ «እንዴ!» ያሉትን ስትደርስ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ የሚያለቅስ መሰላት። ሲዞር እየሳቀ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። «‹የሆነውን ይጥሩት› አልሻቸው? ለአባ ሣህሌ?» ደጋግሞ ጠየቃት፤ ደጋግማ ነገረችው። በማግስቱ ጠዋት ምሳሩን አምጪልኝ አለ።

እግሩ አልዳነም። ይህን ማሳመር አያስፈልግም። ደጁ ላይ ተቀምጦ በመጀመሪያ ለራሱ ምርኩዝ፣ ቀጥሎ ለካህናት መቋሚያ ጠረበ፤ የዓለሙ መቋሚያ ማኅሌት የማያደክም ነው ተብሎ ስሙ ወጣ፤ ሥራውም ሁለቱን በደንብ አበላ። ከሁለት ዓመት በኋላ አህያ ገዛ፤ ጀርባው የተላጠ፣ ጠባዩ የከፋ አህያ ነበር፤ ግን ወደደው። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃ ወርዶ፣ ሰዉም ብርዱን ትቶ ተከትሎ ሲወርድ፣ ሎሚ ያንኑ ዳገት ማለዳ ማለዳ ትወጣ ነበር። ያንኑ ልመና፣ በዚያው ድምፅ።

ስትመለስ ዓለሙ ፀሐይ ላይ ሆኖ እንጨት እየላገ ይጠብቃታል።

«ዛሬስ ምን አለችሽ?»

«ዝም አለች።»

«አሁንስ ልቀቂያት። ይልቅ ለሸዋረጋ ወገብ ለምኚ፤ ሌሊቱን ሲያቃስቱ አደሩ።»

«ለእሳቸውም ነግሬያለሁ» አለች ሎሚ አጠገቡ እየተቀመጠች። «ያንተን ግን አልለቅም።»