የሰው ፈቃድ በግድግዳዬ

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለነፍስ አባቴ በጾም የበላሁትንም የተሳደብኩትንም ዘርግፌላቸዋለሁ፤ ይችን ግን ዋጥ አድርጌ ነው የምነሳው። ለምን? እንጃ።

ሞጣ ላይ መድኃኒት ቤት ነበረኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ መድኃኒት የመሸጥ ፈቃድ ከየት ይመጣልኛል? ይበልጣል የሚባል የተማረ የመድኃኒት ባለሙያ ብቸና ይሠራ ነበር። ፈቃዱን አከራየኝ። ወረቀቱ ሞጣ ግድግዳዬ ላይ ይውላል፣ ሰውየው ብቸና ይውላል። ያኔ እንዲህ ያላደረገ ማን ነበር? ይኸው፣ ገና ሳልጀምር ማመካኘቴ!

በመጣ ቁጥር «ጋሼ፣ ስሙን ሳያነቡ ምንም እንዳይሰጡ» ይለኛል።

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አንባቢ ነኝ» እለዋለሁ።

አንባቢስ ነበርኩ። ግን ከፊደሉ በፊት፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ መድኃኒትን የለመድኩት በቀለሙ ነው። በገበያ ቀን ሰው እየተጋፋ ቆሞ ፊደል መልቀም ያሳፍረኛል። ስለዚህ በዋዜማው ክኒኑን ከነማሸጊያው በመቀስ ቆራርጬ፣ በየቀለሙ ቆርቆሮ ውስጥ እጨምራለሁ። ስሙን መቀሱ ይበላዋል። ገበያተኛው «ዶክተር መቀስ፣ የአማቴን ምላስስ አትቆርጥልኝም?» እያለ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

እትዬ ዘነቡ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ ራሴን አመመኝ ብላ መጣች። ቢጫውን ሰጠኋት። ለካ አዲስ ካስመጣሁት ዕቃ ውስጥ የስኳር በሽታ ክኒኑም ቢጫ ኖሯል፤ ሁለቱንም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ደባልቄዋለሁ። ስኳር የሌለባት ሴት ደጋግማ ዋጠችው። ስኳሯ ወርዶ ራሷን ስታ፣ በቃሬዛ ሐኪም ቤት አደረሷት። ነፍሷ ተረፈች፤ ልቧ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ሽንኩርት መዝና የሸኘችውን ሰው መልሳ «ምን ልስጥህ?» ትላለች።

ተቆጣጣሪዎች መጡ። «ማነው የሰጣት?» አሉ። እኔ ነኝ የሰጠኋት። «ይበልጣል ነው» አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ «ይበልጣል ነው» አልኩ። ሱቄን ፈርቼ ነው? አዎ። ግን ሱቁ ብቻ አይመስለኝም። የተማረ ሰው ሲዋረድ ማየት አምሮኝ ይሆን? ይበልጣል እኮ አንድ ቀን ንቆኝ አያውቅም! ታዲያ ምኑን ነው የተበቀልኩት? እስከ ዛሬ ይምታታብኛል።

ይበልጣልን ያን ቀን ብቸና ሥራ ላይ ሲውል ያየው ሰው ብዙ ነው። እሱ ግን አንዱንም ለምስክርነት አልጠራም። አልነበርኩም ቢል ፈቃዱን ማከራየቱን ማመኑ ነው፤ ወዲህ እሳት፣ ወዲያ ገደል። ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ከብቸናም ጠፋ። የእኔ ሱቅ ለጥቂት ጊዜ ታሽጎ በሌላ ሰው ፈቃድ ተከፈተ። እኔ የጣልኩት መቀሱን ብቻ ነው።

ያው ሱቅ ልጄን ትርንጎን አሳደጋት። ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ደረሳት። ለእረፍት ስትመጣ የመድኃኒት ሕግ የሚያስተምራቸውን መምህር አንስታ አልጠግብ አለች። ይበልጣል ይባላል። ከሥራ ወጥቶ ሕግ ተምሯል። በየዓመቱ ለአዳዲስ ተማሪዎች «ፈቃዴን አከራይቼ አንዲት ሴት ተጎዳች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላቸዋል።

«የሱቁ ባለቤት ማነው ብንለው፣ ‹ስሙ ምን ያደርግላችኋል› አለን። ምን ዓይነት ሰው ይሆን፣ አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ዋሸሁ።

ይበልጣል ግን ያውቃል። ትርንጎ እንደነገረችኝ፣ ክፍል ገብቶ ስም ሲጠራ ሌላውን በስሙ ብቻ ይጠራል፤ እሷን ግን ትርንጎ ብሎ አያቆምም፤ የእኔን ስም ያስከትላል። ጠርቶ፣ «አቤት» ስትለው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህ ምሕረት ነው? ቅጣት ነው? ሄጄ እንዳልጠይቀው የትኛውን እንደምፈራ አላውቀውም።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተ ምን አገባችሁ? እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄጄ፣ ምክንያቱን ሳልነግራት እግሯ ላይ ወድቄ ነበር። «እግዜር ይቅር ይበልህ» አለችኝ። ቀና ስል፣ «ምን ልስጥህ?» አለች።

ይህን መጀመሪያ የምታነበው ትርንጎ ናት። ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ሰውዬ እኔ ነኝ። ያን ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።